ባሕር ማዶ ያለች እናት በሽምግልና ፊት

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ካህናት ቀርባችሁ ከምትነግሩን ጭንቀት ውስጥ ከአሠሪና ከደመወዝ ቀጥሎ የሚበዛው የቤት ጉዳይ ነው። ባል ሌላ አገባ ይባላል፤ የተላከው ገንዘብ የት እንደ ገባ አይታወቅም፤ ልጅ ከአያት ቤት ወደ አባት ቤት፣ ከአባት ቤት ወደ አክስት ቤት ተወሰደ ይባላል። እናት ይህን ሁሉ የምትሰማው በስልክ ነው፤ ያውም ማዳም ከተኛች በኋላ፣ በጎረቤት አፍ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ሽማግሌ ተቀምጧል፣ እሺ በይና ነገሩ ይለቅ» የሚል መልእክት ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚህ ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ አይችልም? በአካል የሌለች እናት በሽማግሌ ፊት እንዴት ድምፅ ይኖራታል? ልጆችስ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ ይቆያሉ?

ሽምግልና ለመለያየትም ነው

ብዙ ሰው ሽምግልና ማለት ማስታረቅ ብቻ ይመስለዋል። የሽማግሌ የመጀመሪያ ሥራ የተጣላውን ማስማማት መሆኑ እውነት ነው። እኔም ካህን እንደ መሆኔ የዘመመ ቤት ሲቃና ከማየት የሚበልጥ ደስታ የለኝም። ነገር ግን ዕርቅ አልሆን ያለ እንደ ሆነ ሽማግሌ ነጠላውን አራግፎ ተነሥቶ አይሄድም፤ በሰላም ማለያየትም ሥራው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 አብራምና ሎጥ የእረኞቻቸው ጠብ በበዛ ጊዜ እንዴት እንደ ተለያዩ ተጽፏል። ታላቁ አብራም የመምረጡን ዕድል ለወንድሙ ልጅ ለሎጥ ተወለት፤ ሎጥም የዮርዳኖስን ሜዳ መረጠ። ቦታቸው ተለየ እንጂ ዝምድናቸው አልተቆረጠም፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሎጥ በተማረከ ጊዜ ሊያስጥለው የዘመተው ያው አብራም ነው። ባልና ሚስትም ቢለያዩ አባትነትና እናትነት አይፈታም። ልጁ በታመመ ቀን፣ ትምህርት ቤት በገባ ቀን፣ ኋላም በሚዳርበት ቀን ሁለቱ ፊት ለፊት መገናኘታቸው አይቀርም።

ስለዚህ ሽማግሌ «ታረቁ» ብሎ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ከልቡ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ መወትወት ሽምግልና አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ የደከመችን ሴት ሌሊት ሌሊት እየደወሉ «ስለ ልጆችሽ ብለሽ» እያሉ እሺ ማሰኘት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው እሺታ ግን ሁለት ወር አይቆይም።

በሥርዓተ ተክሊል ወይም በቁርባን የተጋባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ዕወቁ። የቁርባኑን ቃል ኪዳን ሽማግሌ አያፈርሰውም፤ ጉዳዩ ለንስሐ አባታችሁ ተነግሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን መቅረብ አለበት። ስለ ልጆች ማደሪያና ስለ ቀለባቸው ሽማግሌዎች ቢነጋገሩ ግን የሚከለክል ሥርዓት የለም።

ሽማግሌ ዛሬ ያለው ሥልጣን

በአገራችን ሽማግሌ ፍቺን ራሱ የሚወስንበት ዘመን ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥልጣኑን ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚቀመጡት የጋብቻው ምስክሮች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237ም ፍቺና የሞግዚትነት ጉዳይ በግልግል ዳኞች እንደማይዳኝ ደንግጓል።

ይህ ማለት ሽማግሌ ቀረ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ራሱ ባልና ሚስቱን በመረጧቸው ሽማግሌዎች ፊት ተነጋገሩ ብሎ ሊመራቸው፣ እንዲያስቡበትም ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ሁለቱ ተስማምተው ለመፋታት የወሰኑ እንደ ሆነ ደግሞ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተስማሙበትን ጽፈው ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ መርምሮ ያጸድቀዋል። አዋጅ 213 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ ዝርዝሩን ከየወረዳችሁ ፍርድ ቤት ማስጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ «ሽማግሌ ፈርዷል፤ ልጁ የአባቱ ነው፤ አንቺ ትተሽ ሄደሻል» የሚል ቃል በስልክ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ሽማግሌ ያስማማል፣ የተስማማችሁበትን ይጽፋል፤ አይፈርድም። ልጅ ከማን ጋር ይኑር የሚለውን ሲወስን ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው የእናትና የአባትን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። እናት በሰው አገር መሥራቷ ብቻውን እናትነቷን አያሳጣትም። ይሁን እንጂ ልጁን በየቀኑ የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነውና እናት ራሷ መልስ ይዛ መቅረብ አለባት።

ልጁ ይቅደም

በሽምግልና ልማዳችን አንድ የማልወደው ነገር አለ። ንግግሩ በንብረት ይጀመርና በልጅ ያልቃል። ሰው በንብረት ሲከራከር ይመሻል፤ ሁሉም ሲሰለች ልጁ «እንግዲህ እዚያው ይቆይ» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ።

ኩዌት የምትሠራ አንዲት እኅት ነበረች። ባሏ በገጠር አራሽ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። እርሷ በላከችው ገንዘብ ቤት ተሠርቶ ነበር። ባልየው ሌላ ሴት ወደዚያው ቤት አስገባ። እርሷ በሰማች ጊዜ ገንዘብ መላኩን ልታቋርጥና ልጆቹን በወንድሟ ልታስወስድ ቆርጣ ነበር፤ ባልየውም «ቤቷን ትታ ሄዳ ምን ትጠይቀኛለች» ይል ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም እኅታችን ለምናኝ በስልክ ተካፍያለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ያለቀው በቆርቆሮ ነው። የቤቱ ክዳን የተገዛው በማን ገንዘብ ነው፣ መሬቱስ የማን ነው ሲባል ዋለ። በሁለተኛው ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ «ቆርቆሮው ይቆየን፤ አይራብም፣ አይታመምም። ስለ ልጆቹ ንገሩን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ መልክ ያዘ። ልጅቷን ሁለት ሴቶች ለብቻዋ ወስደው አነጋገሯት። ከታናሽ ወንድሟ መለየት እንደማትፈልግና አያቷ ቤት ብትሆን ትምህርት ቤቱ ቅርብ እንደ ሆነ ተናገረች። ትንሹ ልጅ እናቱን በስልክ ድምፅ እንጂ በመልክ አያውቃትም፤ የአባቱ ፍቅር ግን ጽኑ ነበር። እናቲቱ ይህን መስማት ከብዷት አልቅሳለች። ነገር ግን «አባቱን አልነሣውም» ያለችው እርሷው ናት።

በአራት ቀን ንግግር የተስማሙት እንዲህ ነው። ሁለቱ ልጆች አይለያዩም። በትምህርት ወራት ከእናታቸው እናት ጋር ይኖራሉ፤ ቅዳሜና እሑድን፣ የክረምቱንም እኩሌታ ከአባታቸው ጋር ይሆናሉ። አባት ጥሬ ገንዘብ ስለማይኖረው ቀለቡን በእህል ይሰጣል፤ በመከር ጊዜ ይህን ያህል ጤፍ፣ ይህን ያህል ሽምብራ ተብሎ ተቆረጠ። እናት የምትልከው በአያቲቱ ስም እንጂ በባል ስም አይገባም። እሑድ ማታ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር በኢሞ ይነጋገራሉ፤ አባት ቤት የዋሉ ቢሆንም ስልኩ አይከለከልም። ማንም በልጆቹ ፊት የእናታቸውን ወይም የአባታቸውን ስም አያነሣባቸውም። ልጅ ቢታመም ወይም ትምህርት ቤት ቢለወጥ ሁለቱም በዚያው ቀን ይነገራቸዋል። እናት ጠቅልላ ስትመለስ ውሉ እንደ ገና ይታያል። ይህን ሁሉ የምትከታተለው ደግሞ የልጅቷ የክርስትና እናት ትሁን ተባለ። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ እጅግ ወደድኋት። የክርስትና እናት ለሁለቱም ወገን ዘመድ ናት፣ ልጁን በእግዚአብሔር ፊት ተቀብላዋለች፣ ደጃፍ ብትረግጥ «ምን አገባሽ» አትባልም።

ቆርቆሮውስ? በአምስተኛው ቀን ተነጋገሩበት። የልጆቹ ነገር ካለቀ በኋላ ክርክሩ ግማሽ ቀን እንኳ አልወሰደም።

ከሩቅ ሆኖ በሽማግሌ ፊት መቅረብ

ሽማግሌ በሁለት ወገን ምርጫ የሚቀመጥ ነው። ባል ሁለት፣ ሚስት ሁለት መርጠው አንድ ሰብሳቢ በጋራ ቢሾሙ መልካም ነው፤ ሦስትም ቢሆኑ ይበቃሉ። ችግሩ እናንተ ሩቅ ስለሆናችሁ ሁሉንም የሚመርጠው በቦታው ያለው ሰው መሆኑ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ሽማግሌን በዚህ መመሰል ነውር ቢሆንም፣ ሦስት ቀን በአንድ ወገን ቤት ጠላ ሲጠጣ የሰነበተ ሰው ሚዛኑ ትንሽ መዘንበሉ አይቀርም። ስለዚህ እናንተ የመረጣችሁት ቢያንስ አንድ ሰው ሳይኖር «ሽማግሌ ተቀመጠ» ቢባል «የእኔን ሰው ጨምሩ፤ እጠብቃለሁ» በሉ። ለሽማግሌ ይህን መናገር ድፍረት አይደለም።

ሴት ሽማግሌ መኖሯንም እደግፋለሁ። አንዳንድ አባቶች ይህን ሲሰሙ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። የልጅን ጠባይ፣ የልጅን በሽታ፣ ልጅ ማታ ማታ ማንን እንደሚጠራ የምታውቀው ያሳደገችው ሴት ናት።

ወንድማችሁ ወይም እናታችሁ ስለ እናንተ ቢናገሩ መልካም ነው፤ እናንተን ግን አይተኩም። ወንድም ስለ ክብሩ ይቆጣል፤ እናት ስለ ልጅ ልጇ ትፈራለች። የራሳችሁን ቃል ራሳችሁ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ስልኩን መካከል አስቀምጠው ድምፁን ከፍ ያድርጉት፤ ማን ማን እንደ ተቀመጠ በስም ይንገሯችሁ። የሪያድ፣ የኩዌትና የዶሃ ሰዓት ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የዕረፍት ቀናችሁ ዓርብ ከሆነ በዓርብ ይቀመጡ፤ ሽማግሌ ለሠርግ ቀን እንደሚቆርጥ ለዚህም መቁረጥ አያቅተውም። ስልክ የማይፈቀድበት ቤት ያላችሁ ደግሞ የምትፈልጉትን በድምፅ ቀድታችሁ ወይም በወረቀት ጽፋችሁ ላኩ፤ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይነበብ። ስትናገሩም ሦስቱን አትደባልቁ። ስለ ባል ጥፋት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ገንዘብ ለየብቻ ተናገሩ። የበደላችሁን ነገር በመጀመሪያው ቀን ተናግራችሁ ጨርሱት፤ አለዚያ ስለ ልጁ ደብተር ሲነገር ስለ ሌላይቱ ሴት እያነሣችሁ ቀኑ ይመሻል።

እንዲህም ሆኖ «እሺ» ለማለት አትቸኩሉ። ሽማግሌ ያነበበላችሁን ጽሑፍ በፎቶ አስልኩ፤ አንድ ሌሊት ይደርበት። ሽማግሌ «ዛሬ ካልጨረስን ተነሥተን እንሄዳለን» ቢል ይህም የልመና ስልት ነው፤ ነገ ይመለሳል።

ወረቀቱና ፍርድ ቤቱ

ቤይሩት ያለች አንዲት እኅት በሽምግልና ተስማምታ ነበር። ልጁ በዓመት ሁለት ጊዜ እናቷ ቤት እንዲሰነብት፣ በየሳምንቱም እንዲደወልላት በደብተር ቅጠል ተጻፈ፤ ወንድሟ ስለ እርሷ ፈረመ። ወደ ፍርድ ቤት የወሰደው ሰው አልነበረም። በዓመቱ አባትየው ልጁን ይዞ ሌላ ከተማ ገባና ስልክ ቁጥሩን ለወጠ። ያ የደብተር ቅጠል መነጋገራቸውን ይመሰክር ይሆናል፤ አባትየውን የሚያስገድድ ትእዛዝ ግን አልነበረም። ክሱን ከመጀመሪያው ለመጀመር አድራሻውን መፈለግ ነበረባት። በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ቢሆን ኖሮ አፈጻጸም በተጠየቀ ነበር።

ስለዚህ ሽማግሌ ያለቀውን ነገር ይጻፈው፤ ሁለቱ ወገኖች፣ ሽማግሌዎችና ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ከዚያ ለፍርድ ቤት ይቅረብ። እናንተ በአካል ባትኖሩ በውክልና የሚጠናቀቅ ሥራ አለ። ውክልና ባላችሁበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይረጋገጣል። ስትሰጡ ግን ጠንቀቅ በሉ። «ጠቅላላ ውክልና» የሚለው ቃል ያስፈራችሁ። ንብረት ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል ሳታነቡ ፈርማችሁ ከሆነ ግን ሥልጣኑን ሰጥታችኋል። ለልጅ ጉዳይ የምትሰጡት ውክልና ስለ ልጅ ጉዳይ ብቻ ይናገር። የሰጣችሁትን መሻርም ትችላላችሁ።

ጠበቃ ለመያዝ ለማይችሉ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል፤ ቤተ ዘመድ ሄዶ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ከ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1234 ወዲህ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አሠራር አለ፤ ባለጉዳዮች በዚያው በፍርድ ቤቱ በተመደበ አስማሚ ፊት ይነጋገራሉ። የሰፈር ሽማግሌ ወገን ይዟል ብላችሁ ለምትሰጉ ይህ መልካም አማራጭ ነው።

ስለ ላካችሁት ገንዘብ

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁን የሚያሳዝን ነገር መናገር አለብኝ። ጋብቻው ጸንቶ ሳለ እናንተ በላባችሁ ያገኛችሁት ደመወዝ በሕግ የጋራ ነው። «ቤቱ የእኔ ብቻ ነው፤ እርሱ አንዲት ብሎኬት አልገዛም» የሚለው ክርክር ብዙ ርቀት አይወስድም። ነገሩ ግን በሁለቱም በኩል ይቆርጣል፤ ካርታው በባል ስም ስለ ወጣ ብቻ ቤቱ የባል አይሆንም፤ ያለ እናንተ ፈቃድም ሊሸጠው አይገባም። በሰማንያም በቁርባንም ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩም ቢሆኑ፣ በአዋጅ 213 አብረው ሦስት ዓመት ከሞላቸው በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራቸው ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በሕግ ከሌላው ልጅ አያንስም።

የሐዋላና የባንክ ደረሰኝ አትጣሉ። ደረሰኙ ጠፍቶ ከሆነ የላካችሁበት ቤት መዝገብ ይኖረዋልና ጠይቁ። ለልጅ ቀለብ የምትልኩትንና ለቤት ሥራ የምትልኩትን ከእንግዲህ ለይታችሁ ላኩ፤ ሽማግሌ ፊት «ለልጅ ምን አደረገች» ሲባል ወረቀቱ ይናገርላችኋል። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። በባል ተናዳችሁ የልጁን ቀለብ አታቋርጡ። የምትቀበለውን እጅ ለውጡ እንጂ ገንዘቡን አታስቀሩ።

ሽምግልና የማይገባበት ቦታ

ድብደባ ባለበት ቤት፣ ልጅ ላይ ግፍ በተሠራበት ቤት «በሽማግሌ እንጨርሰው» አይባልም። እንዲህ ያለው ነገር ለፖሊስ የሚነገር ነው። ልጅን በተለይ ሴት ልጅን የነካ ሰው ካሣ ከፍሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር ተባለ የሚባል ነገር ስሰማ ያመኛል። ይቅርታ የነፍስ ነገር ነው፤ ልጅቷ በዚያ ቤት ማደሯ ግን በዚያው ሌሊት መቆም አለበት። እናንተ ሩቅ ብትሆኑም የምታምኑትን ሰው ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮና ወደ ፖሊስ ላኩ።

ለዕረፍት ስትሄዱ

ኮንትራታችሁን ጨርሳችሁ ለሁለት ወር የምትሄዱ እናቶች ብዙ ጊዜ የምትሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ከአውሮፕላን እንደ ወረዳችሁ ልጁን ከአያቱ ወይም ከአባቱ ቤት አንሥታችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ልጁ ግን አያውቃችሁም፤ ያለቅሳል፤ እናንተም ታለቅሳላችሁ፤ ባል ደግሞ «ይኸው ውሉን አፈረሰች» ይላል። ከመሄዳችሁ ከአንድ ወር በፊት ለሽማግሌዎቹ ንገሩ፤ የትኞቹን ቀናት ከእናንተ ጋር እንደሚያድር አስቀድማችሁ ተስማሙ። የመጀመሪያውን ሳምንት እርሱ ባለበት ቤት እየሄዳችሁ ዋሉ፤ ከትምህርት ቤት አምጡት፤ አያቱ እያለች አብሉት፣ እጠቡት። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ «እናቴ ጋር ልደር» ካለ ይዛችሁት ሂዱ። የምትመለሱበትንም ቀን አትደብቁት፤ ሲተኛ ጠብቃችሁ አትውጡ። ቀኑን በቀን መቁጠሪያው ላይ አብራችሁ ምልክት አድርጉበት፤ መጀመሪያ የምትደውሉበትን ማታም እዚያው አሳዩት።